አስር ከአስር

ድሬዳዋ ዳር፣ በቀን የጨለመ፣ ግድግዳው ጥቁር የተቀባ ረጅም መጋዘን፤ መኪና የፊት መብራቱን አጥፍቶ በጨለማ እንዲነዳ የሚያስችሉ የሌሊት ማያ መሣሪያዎች የሚፈተሹበት። አቶ ዘርጋው የሃያ ስድስት ዓመት ፈታሽ ነው፤ የልጁን የይታገሱን አርባ ካወጣ አራተኛ ቀኑ። ሰናይት የክፍሉ መሐንዲስ ናት፤ የሟቹም እጮኛ ነበረች።

ዘርጋው፦ አስራ ሰባት ቁጥርን አውጪና መቆሚያው ላይ አድርጊልኝ አልኩሽ። ስጠይቅሽ ይሄ ሦስተኛዬ ነው።

ሰናይት፦ ሰምቻለሁ ጋሼ። መሣሪያው ታሽጓል እያልኩዎት እኮ ነው። ነገ ጠዋት አጣሪዎቹ መጥተው ይወስዱታል።

ዘርጋው፦ ያሸግሽው አንቺ፣ ፊርማው ያንቺ። ያሸገ ሰው መክፈት ያቅተዋል?

ሰናይት፦ እርስዎ ደግሞ ፈቃድ ላይ ነዎት። ጥቁርዎን እንኳ አላወለቁም። ቤትዎ ሄደው ይረፉ።

ዘርጋው፦ ቤት ምን አለና? ጫማው በር ላይ እንዳለ ነው። እናቱ አታነሳው፣ እኔ አላነሳው። እየተሻገርነው እንገባለን፣ እየተሻገርነው እንወጣለን። እዚህ ይሻለኛል።

ሰናይት፦ እኔንስ እዚህ የሚሻለኝ ይመስልዎታል?

ዘርጋው፦ አይመስለኝም። ከስተሻል። እህል የሚባል ነገር ትቀምሻለሽ?

ሰናይት፦ እቀምሳለሁ።

ዘርጋው፦ ትዋሻለሽ። እሱም እንዳንቺ ነበር፣ ሲዋሽ ቶሎ ነበር የሚመልሰው። ስለ አደጋው የመጣውን ደብዳቤ አይተሽዋል?

ሰናይት፦ አይቼዋለሁ።

ዘርጋው፦ እስቲ በይልኝ።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ ተዉኝ።

ዘርጋው፦ እንግዲያው እኔ ልበልልሽ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ። «መሣሪያው በመቶ ሜትር ርቀት አጥርቶ እንደሚያሳይ በፍተሻ የተረጋገጠ በመሆኑ፣ አደጋው የደረሰው በአሽከርካሪው ቸልተኝነት ነው።» ቸልተኝነት። መኪና ውስጥ ገብቶ መስተዋቱን ሦስቴ ሳያስተካክል ቁልፍ የማያዞር ልጅ ቸልተኛ ተባለ።

ሰናይት፦ አራቴ ነው የሚያስተካክለው። እስቅበት ነበር።

ዘርጋው፦ ሳቂበት፣ ያንቺ ሳቅ ይገባው ነበር። ሐሙስ ዕለት ፈትያ ቤት ሄጄ ነበር።

ሰናይት፦ የሙክታር ሚስት ዘንድ? ብቻዎን?

ዘርጋው፦ ከማን ጋር ልሂድ? ሁለቱ አምስት ዓመት በአንድ መኪና ፓርኩን ሲጠብቁ ኖሩ። አብረው ሞቱ። እሷ እኛ ድንኳን አልመጣችም፣ እኔ ልሂድ ብዬ ሄድኩ። በሩን ከፈተች፣ አየችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ባሌን ልጅህ ወስዶ ጎርፍ በበላው መንገድ ገደል ከተተው አለችኝ፣ በቀስታ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ብላ ነው መሰለኝ። ከዚያ በሩን ዘጋችው።

ሰናይት፦ ሐዘን ነው የሚያናግራት።

ዘርጋው፦ ሐዘን አይደለም፣ ደብዳቤው ነው። ለእሷም ደርሷታል። እኔ የምፈልገውን አሁን ገባሽ? ልጄ ገደሉን ያላየው መሣሪያው ስላላሳየው ነው። የመሣሪያው የራሱ መብራት ሞቷል። ይሄንን አረጋግጬ፣ በወረቀት ይዤ፣ ያንን በር እንደገና ማንኳኳት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሰናይት፦ ሌላ ሰው ይፈትሸው። ሁለቱ አዲሶቹ ልጆች አሉ።

ዘርጋው፦ አዲሶቹን ያስተማርኳቸው እኔ አይደለሁም እንዴ? አንቺንስ?

ሰናይት፦ እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያው ሳምንት የቴሌቪዥን ሪሞት ይዘው መጥተው በካሜራ ያሳዩኝን መቼ እረሳዋለሁ። በዓይኔ ሳየው ምንም የለም፣ በካሜራው ሳየው ጫፉ ቦግ ይላል።

ዘርጋው፦ ይታገሱን ስምንት ዓመቱ ሆኖ አሳይቼዋለሁ። ሰው የማያየው ብርሃን አለ ማለት ነው አለኝ። አለ አልኩት። ያን ሰሞን ሪሞቱን ይዞ ጓዳውን፣ አልጋ ሥሩን፣ የጎረቤቱን ድመት ሳይቀር ሲያበራ ከረመ። ዜና ማየት ተቸግረን ነበር።

ሰናይት፦ ይሄን አልነገረኝም።

ዘርጋው፦ ያልነገረሽ ብዙ ነው። ለመንገር ጊዜ አለኝ ብሎ ነዋ። እና እንደዚያ ሪሞት ነው ይሄም መሣሪያ። የማይታየውን ብርሃን ወደፊት ይልካል፣ ተመልሶ የመጣለትን ለሾፌሩ ያሳየዋል። የላከው ካነሰ የሚመለስለት የለም። ካሜራው የፈለገ ደህና ቢሆን ከእኔና ካንቺ እኩል ነው ጨለማ ውስጥ። ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ።

ሰናይት፦ አውቀዋለሁ።

ዘርጋው፦ ታዲያ ምን ያስፈራሻል?

ሰናይት፦ ምንም። እሺ። ይቀመጡ እንግዲህ። ደንቡ ይጠበቅ፤ መብራቱን አጥፍቼ ሃያ ደቂቃ ጨለማውን ይልመዱት፣ እኔ እስከዚያ አዘጋጃለሁ።

ዘርጋው፦ ተባረኪ።

ሰናይት፦ አይመርቁኝ። ወንበሩ በስተቀኝዎ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ። አዎ።

ዘርጋው፦ አውቀዋለሁ እኮ፣ ስንት ዓመት የተቀመጥኩበት ነው። በዕቃው ስትደናበሪ ግን ይሰማኛል። ቀስ በይ።

ሰናይት፦ ሃያ ደቂቃው ሞላ፣ መሣሪያውም ተሰክቷል። ደንቡን ላንብብ።

ዘርጋው፦ ለእኔ?

ሰናይት፦ ፈታሹ ማንም ይሁን ማን ይነበብለታል ያሉት እርስዎ ነዎት። መቶ ሜትር ላይ ሰሌዳ አለች፤ በላይዋ አራት ጥቁር መስመሮች። እኔ እዚሁ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ገመዱን እየሳብኩ አንዴ አቆማታለሁ፣ አንዴ አጋድማታለሁ። እርስዎ ስክሪኑን እያዩ ቁም ወይም አግድም ይላሉ። አስር ጊዜ። ስምንት ከተገኘ መሣሪያው ያልፋል፣ ከዚያ በታች ይወድቃል። አንድ።

ዘርጋው፦ ደብዝዟል። አላልኩሽም? ቁም።

ሰናይት፦ ሁለት።

ዘርጋው፦ አዞርሻት?

ሰናይት፦ አዙሬያታለሁ።

ዘርጋው፦ ሳታዞሪያት የቀረሽ መሰለኝ። ቁም በይው።

ሰናይት፦ ሦስት።

ዘርጋው፦ አግድም። አይ፣ ቁም። አግድም፣ አግድም ጻፊ።

ሰናይት፦ አራት።

ዘርጋው፦ ይሄ ጉም ነው እንጂ ስክሪን ነው? ልጄን በዚህ ነው ያስነዱት? ቁም።

ሰናይት፦ አምስት።

ዘርጋው፦ አግድም።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ ይብቃን።

ዘርጋው፦ አስሩ ይሙላ። ነገ ጎደሎ ነው እንዳይሉን።

ሰናይት፦ ስድስት።

ዘርጋው፦ አግድም።

ሰናይት፦ ሰባት። ትንሽ ጊዜ ይውሰዱ፣ አይቸኩሉ።

ዘርጋው፦ ቁም። ስምንትን ሳቢ። እሱም ቁም። ጊዜ ቢሰጡት የማይታይ ነገር አይታይም።

ሰናይት፦ ዘጠኝ።

ዘርጋው፦ አግድም።

ሰናይት፦ አስር።

ዘርጋው፦ ቁም። ስንት ሆነ?

ሰናይት፦ አምስት።

ዘርጋው፦ አምስት ትክክል?

ሰናይት፦ አዎ።

ዘርጋው፦ ሳንቲም ብንወረውርም አምስት እናገኝ ነበር። ዕውር ነው መሣሪያው። ልጄ ምንም አላጠፋም። ሰናይት፣ ምንም አላጠፋም እኮ። ስሚ፣ ማልቀሴን ተዪው፣ ብቻ ጻፊው። አስራ ሰባት ቁጥር ወደቀ ብለሽ ጻፊና ዛሬውኑ ይዤው ልሂድ።

ሰናይት፦ መብራቱን ላብራ።

ዘርጋው፦ አብሪው። ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ደስ አይልሽም?

ሰናይት፦ ጋሼ፣ መቆሚያው ላይ ያለው አስራ ሰባት ቁጥር አይደለም።

ዘርጋው፦ ምን ማለት ነው?

ሰናይት፦ አዲስ ነው። ከካርቶኑ ያወጣሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ሁለቱ ልጆች በመቶ ሃያ ሜትር ዘጠኝ ዘጠኝ አግኝተውበታል። እንዲያውም ካለን ሁሉ ጥሩው እሱ ነው።

ዘርጋው፦ አታለልሽኝ?

ሰናይት፦ አታለልኩዎት። በአፌ መናገር አቃተኝ። ደግሞም የተሳሳትኩ እንደሆነ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አስር ከአስር ብለው ቢያሳፍሩኝ እግርዎ ላይ በወደቅሁ።

ዘርጋው፦ ዛሬ ሐዘንተኛ ነኝ። እንቅልፍ የለኝም። ዓይኔ በልቅሶ አብጧል።

ሰናይት፦ አብጧል። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ዘርጋው፦ አስራ ሰባትስ? እሱስ ደህና ነው ልትዪኝ ነው?

ሰናይት፦ አይደለም። እሱ ላይ እውነትዎን ነው። ሰኞ ዕለት ልጆቹ አይተውታል፤ ከስልሳ ሜትር ወዲያ ምንም አያሳይም።

ዘርጋው፦ እንግዲያው ምን ታስጨንቂኛለሽ? እኔስ ያልኩት እሱን አይደል? መብራቱ ተበላሽቷል።

ሰናይት፦ አልተበላሸም። ከማሸጌ በፊት ከፍቼ ለካሁት። እስክከፍተው ድረስ የፋብሪካው ማሸጊያ አልተነካም ነበር፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክ የመጣ ቀን ከተመዘገበው ጋር አንድ ነው። ሲሠራም ደካማ ተደርጎ ነው የተሠራው። እኛ ጋ ሲመጣም እንዲሁ ነበር። ያን ቀን በመቶ ሜትር የፈተሹት እርስዎ ነዎት፤ አስር ከአስር ሰጡት።

ዘርጋው፦ አይቼ ነው የሰጠሁት።

ሰናይት፦ እንዴት አድርገው ጋሼ? በዚያ መሣሪያ መቶ ሜትር ላይ የሚያይ ሰው የለም።

ዘርጋው፦ አይቼ ነው እልሻለሁ። መስመሮቹን አይቻለሁ። ቁም ሲሆን ቁም፣ አግድም ሲሆን አግድም።

ሰናይት፦ የሁለት ዓመት ወረቀቶችዎን ትናንት ሙሉ ቀን ዘርግቼ ሳይ ዋልኩ። መጀመሪያ አካባቢ እንደ ሰው ነው፤ ስምንት አለ፣ ዘጠኝ አለ፣ የጣሏቸውም አሉ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አስር ከአስር፣ አስር ከአስር፣ ሁሉም አስር ከአስር። አቧራ ተነስቶ መጋዘኑ የታፈነ ቀን እንኳ።

ዘርጋው፦ ኮርቼበት ነበር። ለይታገሱ ነግሬዋለሁ፣ አባትህ እያረጀ ሲሄድ እየተሻለው ነው ብዬ።

ሰናይት፦ ነግሮኛል።

ዘርጋው፦ ቆይ እስቲ። ዛሬ ሰሌዳዋ ምን ሆናለች?

ሰናይት፦ ምን ሆነች?

ዘርጋው፦ ሁለት ብለሽ ስትስቢ ያላዞርሻት መስሎኝ ነበር። ለምን እንደዚያ መሰለኝ? ምንድን ነው የጎደለኝ?

ሰናይት፦ እርስዎ ይንገሩኝ።

ዘርጋው፦ ስትጋደም ሲጥ ትል ነበር።

ሰናይት፦ አዎ።

ዘርጋው፦ መዞሪያዋ ብረት። ስትጋደም ሲጥ፣ ስትቆም ዝም። ዛሬ አላለችም።

ሰናይት፦ ልጆቹ ጩኸቷ አስቸገረን ሲሉኝ ሰኞ ዕለት ግሪስ ቀባኋት። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቶቹን ያወጣሁት።

ዘርጋው፦ መቶ ሜትር ላይ የብረት ሲጥታ።

ሰናይት፦ ባዶ መጋዘን ነው። የእርስዎ ጆሮ ደግሞ የእርስዎ ጆሮ ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ዓመት ሙሉ ገመድ ስስብ አንድም ቀን አላስተዋልኳትም።

ዘርጋው፦ በስመ አብ። በጆሮዬ ነው ያሳለፍኩት። ማርያምን ሰናይት፣ ያየሁ ነው የመሰለኝ። መስመሮቹ ይመጡልኝ ነበር እኮ፣ አራቱም፣ ፊት ለፊቴ። የሰማሁትን ዓይኔ ይስለው ነበር።

ሰናይት፦ አምናለሁ። አውቀው እንዳላደረጉት አውቃለሁ።

ዘርጋው፦ ሰጥቼው ሄደ። ያን መሣሪያ እጄ ላይ አድርጌ፣ ጠርጌ፣ ይሄ ያንተ መኪና ላይ ይሰካ ብዬ ራሴ መርጬ ሰጠሁት። ከሁሉም ጥሩው ይሄ ነው አልኩት።

ሰናይት፦ ይቀመጡ። ውሃ ላምጣልዎ?

ዘርጋው፦ ውሃ አልፈልግም። እናቱን ምን እላታለሁ?

ሰናይት፦ ምንም አይበሏትም። ይስሙኝ። እኔ ሌሊቱን ሳስብበት ነው ያደርኩት። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። መብራቱ በጉዞ ላይ ተጎድቷል ብዬ እጽፋለሁ። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ማንም ያምናል። ይታገሱ ነፃ ይወጣል። እርስዎም ጡረታዎን ወጥተው ቤትዎ ይገባሉ። የሚጠይቅ የለም።

ዘርጋው፦ ፈትያም ትከፍትልኛለች።

ሰናይት፦ ትከፍትልዎታለች።

ዘርጋው፦ ይሄን ነበር የፈለግኩት። ይሄንኑ።

ሰናይት፦ እኮ። እንጻፈውና ይለቅልን። እኔም ደክሞኛል ጋሼ። በእሱ ላይ ደግሞ እርስዎን መቅበር አልችልም።

ዘርጋው፦ ካለፈው ክረምት ወዲህ ስንት መሣሪያ አሳለፍኩ?

ሰናይት፦ ይሄን ምን ያደርግልዎታል?

ዘርጋው፦ ቆጥረሻል፣ አውቅሻለሁ።

ሰናይት፦ ሃያ ሁለት።

ዘርጋው፦ አስራ ሰባት ቁጥር ሲቀነስ ሃያ አንድ። የት ናቸው?

ሰናይት፦ መኪና ላይ ናቸው። የፓርኩ አሉ፣ የድንበር ጤና ቡድኑ አሉ፣ አንድ ሁለት አምቡላንስም አለ። ሁሉም መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ።

ዘርጋው፦ የትኞቹ?

ሰናይት፦ አላውቅም።

ዘርጋው፦ እኔም አላውቅም። ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ፣ የትኛው እንደሚያይ አላውቅም። እንዴት ልትሰበስቢያቸው አስበሻል?

ሰናይት፦ ለጥገና ብለን በየተራ እንጠራቸዋለን። ቢበዛ ሁለት ወር ነው።

ዘርጋው፦ ፍተሻው ውድቅ ነው ብለሽ ብትጽፊስ?

ሰናይት፦ ደንቡ ነው፣ ዛሬውኑ በሬዲዮ ይነገርና ሁሉም ይቆማሉ። ግን ውድቅ ለማለት ለምን ውድቅ እንደሆነ ልጽፍ ነው። ፈታሹ ማን እንደሆነም ይጠየቃል። ጋሼ፣ ስምዎ ነው። ሃያ ስድስት ዓመትዎ ነው።

ዘርጋው፦ ዛሬ ስንቱ በዚያ ስክሪን አምኖ መብራት አጥፍቶ ይነዳል?

ሰናይት፦ ስድስት ሰባት መኪና ይሆናል።

ዘርጋው፦ ሁለት ሁለት ሰው ቢሆኑ አስራ አራት በር ነው። እኔ አንዱን ማንኳኳት አቅቶኛል። ወረቀቱን ሳቢ።

ሰናይት፦ ይሄን አልጽፍም ጋሼ።

ዘርጋው፦ እኔ እልሻለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ካለፈው ክረምት ወዲህ በዘርጋው የተፈተሹ መሣሪያዎች ውጤት በሙሉ ውድቅ ነው። ፈታሹ ሰሌዳዋን በዓይኑ ሳይሆን በድምፅ ይለይ ነበር። የአስራ ሰባት ቁጥር አሽከርካሪ ምንም ጥፋት የለበትም። ጻፍሽ?

ሰናይት፦ ጻፍኩ። ግን ሙሉ አይደለም።

ዘርጋው፦ ምን ቀረው?

ሰናይት፦ እኔ ቀረሁ። ዓይንዎ እየደከመ መሆኑን አውቅ ነበር ጋሼ። ጥምቀት ሰሞን ነው ያወቅኩት። እያወቅኩ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩዎት፣ እያወቅኩ ገመዱን ሳብኩ። አስር ከአስር ሲያመጡ እፎይ ብዬ፣ ቤት ውስጥ ነው እንጂ እዚህ ደህና ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ዘርጋው፦ ከማን ሰማሽ?

ሰናይት፦ አይጠይቁኝ።

ዘርጋው፦ ከይታገሱ ነው።

ሰናይት፦ ከእሱ ነው። ደረጃው ላይ ሲስቱ አይቶዎታል፣ ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ ሲያፈሱ አይቶዎታል። እናንተ ቤት በረንዳ ላይ ለመነኝ። ጡረታው ስምንት ወር ነው የቀረው፣ ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ። እሺ አልኩት። ያን ቀን እሺ ባልል ኖሮ ዛሬ እሱ አለ፣ ሙክታርም አለ። ይሄም መጻፍ አለበት፣ እኔም እሱም ማወቃችን። እውነት ከሆነ ሙሉው እውነት ይሁን። ፈትያ ይሄንን ስትሰማ ግን በሩን ለዘላለም ነው የምትዘጋው።

ዘርጋው፦ ይሄ አይጻፍም።

ሰናይት፦ ለምን? ስለሞተ?

ዘርጋው፦ ሌላም ነገር ብሎሽ ነበር ያን ቀን። አባቴን ከዚያ ክፍል ካወጣነው ይሞትብኛል፣ እኔ ደግሞ ገና አልጠገብኩትም ብሎሽ ነበር። አንቺም ወንበርሽን ስበሽ እሺ አልሽው።

ሰናይት፦ ይሄን ለማንም አልነገርኩም። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እርስዎ ተኝተው ነበር።

ዘርጋው፦ ጋደም ብዬ ነበር፣ መስኮቱ ክፍት ነበር። ጆሮዬን አሁን አውቀሽዋል። አንድ ቃል ሳይቀር ሰምቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ ደስ አለኝ ሰናይት፣ ልጄ ስለሸሸገልኝ ደስ አለኝ። እናንተ የዋሻችሁት ለእኔ ነው፣ እኔ ዝም ያልኩት ለራሴ ነው፤ ስለዚህ «ፈታሹ ዓይኑ መድከሙን ከማንም በፊት ያውቅ ነበር፣ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ልጁ አይሞትም ነበር» ብለሽ ጻፊና ወዲህ በዪ፣ ልፈርምበት።